ከመወሰኑ በፊት መናገር፦ ባለ ሱቅና ባለ ታክሲ በኢንተርኔት ከመንግሥት ጋር እንዴት ይነጋገራል?

በዚህ አምድ ብዙውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ መኖሪያ ወረቀት ነው። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ከነዚህ ሁሉ አንድ እርምጃ ቀድሞ የሚመጣ ነው። የንግድ ግብሩ ስንት እንዲሆን፣ ታክሲው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የት እንዲሰለፍ፣ በሱቁ ፊት የሚያልፈው መንገድ እንዴት እንዲሠራ የሚወሰነው በስብሰባ ላይ ነው። የዚያ ስብሰባ አጀንዳ ደግሞ አስቀድሞ በኢንተርኔት ይወጣል። አጀንዳውን ያነበበ ሰው ከመወሰኑ በፊት ይናገራል። ያላነበበው ውሳኔውን በደብዳቤ ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሳነሣ ከብዙ ደንበኞቼ የምሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ወንድሜ፣ እኛ ስደተኞች በዚህ ምን አገባን?» ይላሉ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ላደገ ሰው አባባሉ አይፈረድበትም። እኛ የምናውቀው መንገድ ደጅ መጥናት ነው፤ ሰው ፈልጎ፣ አማላጅ ልኮ፣ ቀጠሮ ለምኖ ጉዳይን ማስፈጸም። እዚህ ያለው ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ባለ ሥልጣኑ እርስዎን መስማት በሕግ ግዴታው ነው። ግዴታው የሚጸናው ግን በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና ቦታውን ማወቅ ከማንኛውም ትውውቅ ይበልጣል።

ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም

በካሊፎርኒያ «ብራውን አክት» የሚባል ከ1953 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት የከተማ ምክር ቤቶች፣ የካውንቲ ቦርዶችና የወደብ ኮሚሽኖች የሚሰበሰቡት በግልጽ ነው። ለመደበኛ ስብሰባ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ለልዩ ስብሰባ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት አጀንዳቸውን ያወጣሉ፤ ሕዝቡም እንዲናገር ጊዜ ይሰጣሉ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የአጀንዳው መግቢያ በድረ ገጻቸው የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀጥታ እንዲገኝ ሕጉ ያዛል። የኦክላንድ ከተማ በበኩሏ በ1997 «ሰንሻይን ኦርዲናንስ» የተባለ የራሷን ደንብ አውጥታ ግልጽነቱን አጠናክራለች።

ለአንባቢዎቻችን ዋናው ነጥብ ይህ ነው። በስብሰባ ላይ ለመናገርም ሆነ የጽሑፍ አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ያለውም፣ ጉዳዩ በጥገኝነት ላይ ያለውም ሰው መናገር ይችላል። ወደ ስብሰባው ለመግባት ስምዎን እንዲያስመዘግቡ ማስገደድም ሕጉ አይፈቅድም።

መምረጥ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራልና በክፍለ ሀገር ምርጫ መመዝገብ ወይም ድምፅ መስጠት በኋላ ለዜግነት ሲያመለክቱ ከባድ ችግር ያመጣል፤ ከአገር እስከ መባረርም ሊያደርስ ይችላል። በመንጃ ፈቃድ ቢሮም ሆነ በመንገድ ዳር «ልመዝግብዎት» የሚል ሰው ቢቀርብዎት፣ ዜጋ ካልሆኑ አይፈርሙ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ስናያቸው የስብሰባው ጥቅም ጎልቶ ይወጣል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የኦክላንድ ከተማ የንግድ ግብር እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ እንዲሄድ ያደረገው «ሜዠር ቲ» በኖቬምበር 2022 በሕዝብ ድምፅ ጸደቀ። በዚያ ቀን የመረጡት ዜጎች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በ2021 ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል ተቋቁሞ በግልጽ ስብሰባ መክሮበታል። በ2022 ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ ተከራክሮበት ነው ለሕዝብ ድምፅ ያቀረበው። በነዚያ ስብሰባዎች ማንም ነጋዴ፣ ዜጋ ሆነም አልሆነ፣ መናገር ይችል ነበር። እስከ ማርች 1 ቀን በየዓመቱ የሚከፍሉት የኦክላንድ የንግድ ግብር ስሌት የተሠራው እዚያ ነው። ለዜጋ ሁለት በር አለው፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው ግን ያለው በር ይኸው የስብሰባው በር ብቻ ነው።

ማን ምን ይወስናል?

ብዙ አቤቱታ የሚባክነው ለማይመለከተው መሥሪያ ቤት ስለሚላክ ነው። ስለዚህ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው አስቀድሞ ወሳኙን መለየት ያስፈልጋል።

የኦክላንድ ወደብ። ወደብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከአውራ ጎዳናው ላይ የምናየው ትልልቅ ክሬን ነው። ወደቡ ግን የኦክላንድን አውሮፕላን ማረፊያም ያስተዳድራል። በጃክ ለንደን አደባባይ አካባቢ ያለው መሬትም በሥሩ ነው። ከ1927 ጀምሮ የሚመራው በራሱ የኮሚሽነሮች ቦርድ ሲሆን፣ ከንቲባው ያጫቸውና ምክር ቤቱ የሚሾማቸው 7 አባላት አሉት። ስለዚህ በኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ስለ ታክሲ ወረፋና ስለ መግቢያ ክፍያ የሚነሣ ጥያቄ የሚቀርበው ለከተማው ምክር ቤት ሳይሆን ለወደቡ ቦርድ ነው።

ሌሎቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች። የሳን ሆዜ አውሮፕላን ማረፊያ የከተማው ስለሆነ ጉዳዩ ወደ ሳን ሆዜ ከተማ ምክር ቤት ይሄዳል። የሳን ፍራንሲስኮው ደግሞ የራሱ የኤርፖርት ኮሚሽን አለው።

ታክሲና ኡበር። የታክሲ ፈቃድ የሚሰጠው ከተማው ነው፤ የኡበርንና የሊፍትን ሥራ የሚቆጣጠረው ግን የካሊፎርኒያ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ እነዚህ ድርጅቶች እንዲሠሩ ደንብ ያወጣላቸው በሴፕቴምበር 2013 ሲሆን፣ መዝገቡን ከፍቶ ከሕዝብ ሐሳብ መቀበል የጀመረው ግን ከዲሴምበር 2012 አንሥቶ ነው። ብዙ ባለ ታክሲ በነዚያ ወራት ቅሬታውን የሚያሰማው ለከተማው ነበር፤ ከተማው ግን በኡበር ላይ ሥልጣን አልነበረውም። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት በ2017 ያወጣው «ኤቢ 1069» የተባለ ሕግም አለ። ከ2019 ጀምሮ ባለ ታክሲ በየከተማው ፈቃድ ከማውጣት ይልቅ ሥራው በዋናነት በሚገኝበት ቦታ ፈቃድ እንዲያወጣ ያደረገው እርሱ ነው። ካሊፎርኒያ ረቂቅ ሕጎቿን በነፃ በኢንተርኔት እንዲነበቡ በሕግ የደነገገችው በ1993 ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ረቂቅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው።

ሱቅና ምግብ ቤት። የንግድ ግብርና የመኪና ማቆሚያ የከተማው ነው። በኦክላንድ የምግብ ቤት የጤና ፈቃድ የአላሜዳ ካውንቲ ነው። የመጠጥ ፈቃድ የክፍለ ሀገሩ ነው። የተሰበረ መብራት፣ የተጣለ ቆሻሻና የተቦረቦረ መንገድ ግን ስብሰባ አይጠብቅም፤ በኦክላንድም በሳን ሆዜም በ311 ስልክ ወይም በስልክዎ ላይ በሚጫነው የ311 መተግበሪያ ይነገራል። ፎቶ አንሥተው ይላኩ፤ የሚሰጥዎትን ቁጥርም ያስቀምጡ።

አጀንዳውን ማግኘትና ማንበብ

በከተማው ድረ ገጽ ላይ የስብሰባ ቀን መቁጠሪያ አለ። የምክር ቤቶቹ መደበኛ ስብሰባ በኦክላንድም በሳን ሆዜም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ማክሰኞ ነው። ኦክላንድ ሰነዶቿን የምታስቀምጠው «ሌጂስታር» በሚባል ገጽ ሲሆን፣ እዚያ ቃል እያስገቡ መፈለግም ይቻላል። «ታክሲ» ወይም የሱቅዎን መንገድ ስም በእንግሊዝኛ ቢያስገቡ ጉዳዩ የተነሣባቸው ስብሰባዎች ተዘርዝረው ይወጣሉ። አጀንዳ በኢሜይል እንዲላክልዎትም መመዝገብ ይችላሉ።

አጀንዳው ረጅም ቢሆንም ሁሉን ማንበብ አያስፈልግም። የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ይዩ።

አንደኛ፣ ከነጥቡ ጋር የተያያዘው የሠራተኞች ሪፖርት ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚጠቀም፣ ሌላ ምን አማራጭ እንደታየ የሚገኘው እዚያ ነው። የምክር ቤት አባላቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚመሩት በዚሁ ሪፖርት ነው።

ሁለተኛ፣ «ኮንሰንት» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ነጥቦች ናቸው። እነዚህ ያለ ክርክር ባንድ ላይ የሚታለፉ ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ እዚያ ውስጥ ካለ ማንም ሳያነሣው በደቂቃ ውስጥ ሊያልፍ ስለሚችል አስቀድመው ይጻፉ።

ሦስተኛ፣ ነጥቡ «ሬዞሉሽን» ነው ወይስ «ኦርዲናንስ» የሚለው ነው። ሬዞሉሽን በአንድ ስብሰባ ያልቃል። ኦርዲናንስ ግን በአብዛኛው ሁለት ጊዜ ይቀርባል፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ የእርስዎ ነው። የወደቡን ቦርድ እንይ። የኦክላንድን አውሮፕላን ማረፊያ ስም ለመለወጥ ቦርዱ መጀመሪያ ድምፅ የሰጠው በኤፕሪል 11 ቀን 2024 ነው፤ ሁለተኛውና የመጨረሻው ድምፅ በሜይ 9 ነበር። በመካከሉ ባሉት 4 ሳምንታት ሕዝቡ አስተያየቱን ሰጠ፤ የሳን ፍራንሲስኮ ከተማም ክስ መሠረተች። በኖቬምበር 2024 ፍርድ ቤቱ የተመረጠውን ስም ለጊዜው አገደ፤ በጁላይ 2025 ቦርዱ «ኦክላንድ ሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤርፖርት» ወደሚል ስም ለወጠው። የመጀመሪያው ድምፅ የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

አስተያየት የሚሰጥበት መንገድ በአጀንዳው መጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል። አንዳንዱ ስብሰባ በአካል ብቻ፣ አንዳንዱ በኢንተርኔትም ያናግራል፤ ሥርዓቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚለወጥ በየጊዜው ያንብቡት። የጽሑፍ አስተያየት ግን ከሱቅ ጀርባ ሆነው ወይም በታክሲ ወረፋ ላይ ተቀምጠው መላክ ይችላሉ። ማክሰኞ ቀን ሱቁን ዘግቶ መሄድ ለማይችል ሰው የኢንተርኔት ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ጉግል ትርጉም ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ስለሚጨምር የሰነዱን ጠቅላላ ሐሳብ ለመያዝ ይረዳል። ሕግ ነክ ቃላትን ግን ስለሚያዛባ በእርሱ ብቻ ተመርተው አይወስኑ።

ለመሆኑ ለውጥ ያመጣል?

ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሁለት የተፈጸሙ ነገሮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ከዚሁ ከወደቡ የተነሣ ነው። የወደብ ጥበቃን ለማጠናከር በተሰጠ የፌዴራል ገንዘብ ኦክላንድ ውስጥ አንድ የክትትል ማዕከል ሊቋቋም ታቀደ። ገንዘቡ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። ዕቅዱ እያደገ ሄዶ ከወደቡ አልፎ በከተማው ውስጥ ያሉ ካሜራዎችንና የመኪና ሰሌዳ የሚያነቡ መሣሪያዎችን ጭምር የሚያገናኝ ሆነ። በጁላይ 2013 ምክር ቤቱ ሁለተኛውን ምዕራፍ አጸደቀ። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ነዋሪዎች ግን ሰነዶቹን በሕግ ጠየቁ። በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች የባለ ሥልጣናት ኢሜይሎች ወጡ። በዲሴምበር 2013 «ኢስት ቤይ ኤክስፕረስ» ጋዜጣ በነዚህ ላይ ተመሥርቶ በጻፈው ዘገባ፣ በደብዳቤዎቹ ውስጥ ከወንጀል ይልቅ የሰላማዊ ሰልፍ ጉዳይ ጎልቶ እንደሚታይ ገለጸ። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ስብሰባዎች አዳራሹ በሕዝብ ሞላ። በማርች 2014 ምክር ቤቱ ማዕከሉ በወደቡና በአውሮፕላን ማረፊያው እንዲወሰን አደረገ። በ2016 የግል ሕይወት ጥበቃ አማካሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2018 ደግሞ የከተማው መሥሪያ ቤቶች የክትትል መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት የምክር ቤቱን ፈቃድ እንዲጠይቁ የሚያዝ ደንብ ወጣ።

ሰነድ የመጠየቅ መብት የመጣው በ1968 ከወጣው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰነዱ መኖሩንና መስጠት መቻሉን በ10 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ሲያስፈልግ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ኦክላንድ ከ2013 ጀምሮ ጥያቄውን በኢንተርኔት ትቀበላለች። በመንገድዎ ላይ ስለሚሠራው ሥራ ጥናት ተደርጎ እንደሆነ ለማወቅ በዚህ መንገድ መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህም ቢሆን ዜግነት አይጠየቅም።

ሁለተኛው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ነው። በጃንዩወሪ 2023 የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን አገልግሎት የማመልከቻ ክፍያዎችን ለመጨመር ረቂቅ አውጥቶ ሕዝቡ በኢንተርኔት አስተያየት እንዲሰጥበት ጠየቀ። በሺህ የሚቆጠር አስተያየት ደረሰው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው የመጨረሻው ደንብ በአስተያየቶቹ ምክንያት በበርካታ ቦታ ተሻሽሎ ነበር። ከነዚህ አንዱ የዜግነት ማመልከቻ ቅናሽ ነው፤ ቅናሹ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ እስከ 400 በመቶ ለሆኑ ቤተሰቦች እንዲደርስ ሰፋ፤ ለነሱም ክፍያው 380 ዶላር ሆነ። ብዙ ባለ ታክሲና ባለ ሱቅ በዚህ ውስጥ ይገባል። (ክፍያዎች ስለሚለወጡ ከማመልከትዎ በፊት የዕለቱን መጠን በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።)

በሁለቱም ጉዳይ ለውጥ ያመጣው የኢንተርኔት መኖር ብቻ አልነበረም። ሰዎች ሰነዱን በጊዜ አነበቡ፣ ማስረጃ ይዘው ቀረቡ፣ ብዙ ሆነውም ተናገሩ።

ምን ብለው ይጻፉ?

እንደ ሒሳብ ባለሙያ የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥርዎን ይዘው ይቅረቡ። «ይህ ሐሳብ ትናንሽ ነጋዴዎችን ያጠፋል» የሚል ደብዳቤ ምክር ቤቱ በየሳምንቱ ያነባል። በሱቅዎ መዝገብ ውስጥ ያለውን ቁጥር ግን ከእርስዎ በቀር ማንም አያውቀውም። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት እንደሚከተለው ሊጽፍ ይችላል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው።

«በአጀንዳው ነጥብ 7 ላይ አስተያየት ለመስጠት ነው። በዚህ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት አለኝ፤ 5 ሠራተኞች አሉኝ። የቀረበው ሐሳብ በሱቄ ፊት ያሉትን 4 የመኪና ማቆሚያዎች ያነሣል። በቀን ከማስተናግዳቸው 60 ያህል ደንበኞች 20ዎቹ ምግብ ይዘው የሚሄዱ ናቸው። ዕቃ የሚያወርድ መኪና በሳምንት 3 ጊዜ ይመጣል። መንገዱ መሠራቱን አልቃወምም። ጠዋት ከ7 እስከ 10 ሰዓት ዕቃ የሚወርድበት አንድ ቢጫ ጠርዝ እንዲተውልን እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው አጭር ነው። የነጥቡን ቁጥር ይጠቅሳል፣ ጉዳቱን በቁጥር ያሳያል፣ በመጨረሻም ሊፈጸም የሚችል አንድ ነገር ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለከተማው ጸሐፊ ሲላክ ለወረዳዎ የምክር ቤት አባል ቢሮም ግልባጩ ይድረስ። እንግሊዝኛው ቀላል ቢሆን አያሳፍርም፤ ከልጆችዎ አንዱ በሩብ ሰዓት ሊያቃናው ይችላል።

ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች

፩ኛ. የሚጽፉት ሁሉ የሕዝብ ሰነድ ይሆናል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የኢሚግሬሽን ቁጥር፣ የመኖሪያ ወረቀትዎን ሁኔታ ወይም የቤት አድራሻ አይጻፉ። የኢሚግሬሽን ጉዳይዎ ገና ያላለቀ ከሆነና ስለ ራስዎ ጉዳይ መጻፍ ከፈለጉ አስቀድመው ጠበቃዎን ያማክሩ።

፪ኛ. አስተያየት መስጠት ይግባኝ ማለት አይደለም። የግብር ማስታወቂያ፣ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወይም የፈቃድ መሰረዝ ደብዳቤ ከደረሰዎት እያንዳንዱ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ለምክር ቤት አባል ኢሜይል ስለላኩ ያ ቀን አይቆምም።

፫ኛ. የሌላውን ደብዳቤ ቃል በቃል ገልብጦ መላክ ብዙ አይጠቅምም። አሥር ነጋዴዎች አሥር የራሳቸውን ቁጥር ቢልኩ ይበልጣል።

፬ኛ. አማርኛ አስተርጓሚ ይኖራል ብለው አይተማመኑ። ኦክላንድ በ2001 በወጣ ደንብ በስፓኒሽና በቻይንኛ አገልግሎት ትሰጣለች። የዋሽንግተን ዲሲ የ2004 ሕግ ግን አማርኛን ከሚያገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ የተናጋሪዎቹ ብዛት ተቆጥሮ ስለታወቀ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤት «የሚናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅዎት «እንግሊዝኛ ይበቃኛል» ብለው አይለፉት፤ አማርኛ ብለው ይመዝገቡ። በስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ከፈለጉም በአጀንዳው ላይ በተጻፈው ስልክ ከበርካታ ቀናት በፊት ይጠይቁ።

በተራ ማንበብ

አንድ ሰው በቀን 12 ሰዓት እየሠራ የከተማውን፣ የወደቡንና የካውንቲውን አጀንዳ ሁሉ ሊከታተል አይችልም። ዕቁብና ዕድር ግን እናውቅበታለን። በአንድ ጎዳና ላይ ያሉ 6 ባለ ሱቆች ወይም በአንድ ወረፋ የሚሠሩ 6 ባለ ታክሲዎች እንደ ዕቁብ ተራ ይዘው፣ በየወሩ አንዱ አጀንዳዎቹን አይቶ የሚመለከታቸውን ነጥብ በስልክ ለሌሎቹ ቢልክ፣ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው በዓመት ሁለት ወር ብቻ ነው። ነጥቡ ሲገኝ አንዱ ሄዶ ይናገራል፤ አምስቱ ከየሥራቸው ሆነው ይጽፋሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶች ቃል የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው።

በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ያድርጉ። የሚሠሩበትን ወረዳ የምክር ቤት አባል ማንነት በከተማው ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉ። አጀንዳ በኢሜይል እንዲደርስዎት ይመዝገቡ። ከጎረቤትዎ ባለ ሱቅ ወይም ከወረፋ ጓደኛዎ ጋርም የመጀመሪያውን ወር ማን እንደሚያነብ ይነጋገሩ።